ከሆስፒታል መውጣት መዳን ነውን?



በአገራችን በሽተኛ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን አላህ ማረዎት» እያለ ይሰበሰባል። በጭሮም፣ በሂርናም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም ያለው ልማድ ይኸው ነው። ጠያቂው ይጎርፋል፤ ዱዓው ይደረጋል፤ ሆጃው ይፈላል፤ ቤተሰቡም «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» ብሎ እፎይ ይላል። ልማዱ መልካም ነው፤ በሽተኛን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ ነውና። ሆኖም አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። ሐኪሙ «ቤታችሁ ግቡ» ያለበት ቀን የሕመሙ መጨረሻ አይደለም። በተለይ በሽተኛው በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ የአስታማሚው ሥራ የሚጀምረው ገና በዚያን ቀን ነው።

በዚህ ወር ጽሑፋችን አረጋውያን ወላጆቻችን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚያስፈልጋቸው ሙያዊ እንክብካቤ እንነጋገራለን። መነሻ የሆነንም በቅርብ በምናውቀው የጭሮ ቤተሰብ የደረሰ ነገር ነው። ቤተሰቡ ታሪኩ ሌላውን እንዲያስተምር ፈቅዶ፣ ስማቸው ግን እንዳይጠቀስ ስለጠየቀን ቃላችንን ጠብቀናል።

ፍቅር ሳይጎድል የደረሰ ጉዳት

እናትየው ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ በጨለማ ሲወጡ አዳልጧቸው ወደቁና የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ልጆቻቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ከከተማው ርቆ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ቀዶ ሕክምናውም በሰላም ተጠናቀቀ። ወደ ጭሮ ሲመለሱ በእጃቸው የነበረው አንድ ከረጢት መድኃኒትና አንዲት በእንግሊዝኛ የተጻፈች የመውጫ ወረቀት ነበር። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ወረቀቷን አንብቦ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ እነርሱም አልጠየቁም።

ቤት ከገቡ በኋላ የሆነው ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ታላቁ ልጅ «እናቴን ማንም እንዳያንቀሳቅሳት፣ አጥንቷ ይላቀቃል» ብሎ አዘዘ። ስለዚህ እናትየው ለአሥራ ሁለት ቀናት በጀርባቸው ተኝተው ቆዩ። ሴት ልጃቸው ቀንም ሌሊትም ከአጠገባቸው አልተለየችም። ሾርባውም አጥሚቱም በየሰዓቱ ይቀርባል። እናትየው ግን ሽንት በመጣ ቁጥር ልጃቸውን ላለማስቸገር ብለው ውኃ መጠጣቱን በሆዳቸው ይዘው ቀነሱት። ማንም አላወቀባቸውም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ ንግግራቸውም መዛባት ጀመረ። ከሁለት ቤት በላይ የምትኖር አንዲት ነርስ ለጥየቃ መጥታ ነበርና ሁኔታቸው አላማራትም። «እማማ፣ እስቲ ትንሽ በጎንዎ ላድርግዎት» ብላ ስታገላብጣቸው ከወገባቸው በታች መዳፍ የሚያህል ቁስል አየች። ልጃቸው «እኔ እኮ አንዲት ቀን ከአጠገቧ አልራቅሁም!» እያለች አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ አልራቀችም። የጎደለው ፍቅር አልነበረም። የጎደለው ጀርባቸውን ማየት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበር።

እናትየው እንደገና ሆስፒታል ገቡ። ኢንፌክሽኑ ከታከመ በኋላ ያቺው ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት እየመጣች ቁስሉን እንድትጠርግ፣ ለልጃቸውም እንድታሳያት ሐሳብ ቀረበ። ታላቁ ልጅ በመጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «አራት ልጆች እያለናት እናታችንን በገንዘብ ስናስጠብቅ ሰው ምን ይለናል?» ነበር ያለው። ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳን ይህ ጥያቄ ነው።

ቅጥር አስታማሚ ነውርን?

የወላጅ ሐቅ ከባድ መሆኑን ማንም ሙስሊም አይስተውም። በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እርሱን ብቻ ከማምለክ ቀጥሎ ለወላጆች በጎ መሥራትን አዟል፤ ባረጁም ጊዜ የመሰልቸት ቃል እንኳ ከአፋችን እንዳይወጣ ከልክሎናል። ይህ ግዴታ በነርስ ቅጥር ከልጅ ትከሻ ላይ አይወርድም። ነገር ግን በጎ መሥራት ማለት እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጅ መሥራት ማለት ነውን? አባታችን ዓይናቸውን ሲታመሙ እኛው ቀዶ ሕክምና አናደርግላቸውም፤ ወደሚያውቀው እንወስዳቸዋለን እንጂ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመም ለያዘው ሰው መታከምን አዝዘዋል። ቁስል መጥረግም፣ የሽንት ቱቦ መጠበቅም፣ የተኛን ሰው ማገላበጥም ሕክምና ነው፤ ዕውቀት ይፈልጋል።

ይህ ሥራ በታሪካችንም የተናቀ አልነበረም። በአምስተኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ627) በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ የታስታመሙት ቁስለኞችን በማከም በምትታወቀው በሩፈይዳ አል አስለሚያ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሰዕድ የነገዳቸው አለቃ ነበሩ፤ ወገንም ዘመድም ነበራቸው። ሆኖም ወደ ሩፈይዳ የተወሰዱት ሙያው ያለው ከእርሷ ዘንድ ስለነበረ ነው። ከዚያ በፊት በኡሑድ ውጊያ ውኃ እያቀበለችና ቁስለኞችን እያስታመመች የዋለችው ኡሙ አይመን ደግሞ የእኛው አገር ሰው፣ ሐበሻዊቷ በረካ መሆኗን ለአንባቢያን ማስታወስ አያስፈልግም።

ስለዚህ ልጅ ልጅነቱን አይተውም፤ ነርሷም ልጅን አትተካም። ልጅ እጅ ይይዛል፣ ያጎርሳል፣ ያጫውታል፣ ዱዓ ያደርጋል። ነርስ ቁስሉን ታያለች፣ መድኃኒቱን ታመሳክራለች፣ ልጁንም ታስተምራለች። ሁለቱ ሲተባበሩ ነው አዛውንቱ የሚነሡት።

ሌላው ዓለም ምን አስተዋለ?

በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ነጋዴ የነበረው ዊልያም ራትቦን ባለቤቱ በሞት አፋፍ ሳለች ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ቤቱ ድረስ መጥታ አስታማታ ነበር። ባለቤቱ ካረፈች በኋላ «ሀብታም ሆኜ እንኳ ይህ እርዳታ ይህን ያህል ካሳረፈኝ፣ ድሃው እንዴት ይሆን?» ከሚል ሐሳብ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1859 ያችኑ ነርስ የከተማውን ድሆች በየቤታቸው እንድታስታምም ቀጠራት። በእንግሊዝ አገር ቤት ለቤት የሚደረገው የነርስ አገልግሎት ከዚህ ነው የተነሣው።

በቅርቡ ዘመን በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሃርላን ክሩምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ትኩረት የሚስብ ሐሳብ አቅርበዋል። በሽተኛው የገባበት ሕመም ቢድንም እንኳ በሆስፒታል ቆይታው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ አእምሮው ይደናገራል፤ ስለዚህ ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለሌላ አዲስ ሕመም የሚጋለጥባቸው ናቸው ይላሉ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት በመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከታከሙት መካከል አንድ አምስተኛ የሚጠጉት በ30 ቀናት ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል መግባታቸውን አሳይቷል።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሪ ኔይለርና ባልደረቦቿ በፊላደልፊያ ከተማ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 363 በሽተኞችን በሁለት ከፍለው አጥንተው ነበር። አንደኛው ወገን እንደተለመደው ተሸኘ። ሁለተኛውን ወገን ግን ልምድ ያላቸው ነርሶች ገና ሆስፒታል ሳለ ጀምረው፣ ከወጣም በኋላ ለአራት ሳምንት ቤቱ እየሄዱ ተከታተሉት። በ24 ሳምንት ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን 37 በመቶው፣ ከሁለተኛው ግን 20 በመቶው ብቻ ተመልሰው ሆስፒታል ገቡ። ልዩነቱን ያመጣው ብርቅ መሣሪያ አልነበረም፤ በጊዜው የደረሰ የሚያውቅ ዓይን ነበር።

በአገራችንስ?

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በጽኑ የታመሙ ሰዎችን ነርሶች ቤታቸው ሄደው ሥቃያቸውን እንዲያስታግሱ ያደርጋል። ኤችአይቪ ኤድስ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመንም በአዲስ አበባ እድሮች በጎ ፈቃደኞቻቸውን እያሠለጠኑ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን በየቤቱ አስታምመዋል። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ ነርስ ወደ ቤት የሚልኩ የግል ድርጅቶች አሉ።

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል ለምትገኘው ለጭሮ ግን፣ ይልቁንም ለሚኤሶና ለመቻራ ሰው፣ የዋና ከተማው ድርጅት ብዙ አይጠቅመውም። ሆኖም ባዶ እጃችንን አይደለንም። አጥብቀን ብንፈልግ በየከተማችን የሚከተሉት አሉ።

አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር እ.ኤ.አ. በ2003፣ በከተሞች ደግሞ በ2009 ተጀምሯል። በከተማ የተሠማሩት ባለሙያዎች በነርስነት የሠለጠኑና ቤት ለቤት እንዲሄዱ የተመደቡ ናቸው። ዋና ሥራቸው በሽታን መከላከል ቢሆንም፣ «አባታችን ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ መጥታችሁ እዩልን» ብሎ የጠየቀ ቤተሰብ ቢያንስ የሚያይለትና ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው ያገኛል።

ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሠሩ ወይም በጡረታ ያሉ ነርሶች አሉ። ከእነርሱ ጋር በትርፍ ሰዓታቸው መዋዋል ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሙያ ፈቃዳቸው ይታይ፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጡ፣ ምን ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል እንደሚከፈላቸው ይጻፍ። የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል ሃይማኖታችን ማዘዙንም አንርሳ። «ጎረቤታችን ናት፣ ታግዘናለች» እያሉ ባለሙያን በነፃ ማድከም ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አፎሻችን አለ። አፎሻ ሰው ሲሞት ለመቅበር፣ ለቅሶ ቤቱንም ለመደገፍ እንዴት እንደሚሯሯጥ በሐረርጌ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ሰው ሳይሞት፣ ሊድን በሚችልበት ጊዜ ቢደርስስ? አንድ አፎሻ ከመዋጮው ጥቂት ቀንሶ አንድ መደገፊያ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና የደም ግፊት መለኪያ ገዝቶ ለተቸገረ አባል ቢያውስ፣ ከአባላቱም ሁለት ሦስት ሴቶችንና ወንዶችን ነርስ እንድታሠለጥናቸው ቢያደርግ ብዙ ቤት ይድናል። የጤና መድን ያለው ሰውም ቢሆን መድኑ የሚሸፍነው በጤና ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና መሆኑን አስቦ፣ የቤቱን ወጪ ከዘመድ ጋር አስቀድሞ ይመካከርበት።

ከሆስፒታሉ በር ሳትወጡ

በመውጫው ቀን ሐኪሙን ወይም ነርሷን ሳትጠይቁ አትውጡ። የትኛው መድኃኒት ለምን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፤ ከድሮዎቹ የትኛው እንደቆመ፤ በሽተኛው መቼ ይነሣ፣ በየትኛው እግር ይርገጥ፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ በሚገባችሁ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ከዚያም የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሯቸው፤ ስሕተት ካለ ያርሙታል። ይህ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መነሣት የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። የወገቡ ግርጌ፣ ዳሌው፣ ተረከዙና ክርኑ በየቀኑ ይታይ። የቀላ ቦታ ከተገኘ አትሹት፤ ማሸት ይጎዳዋል። ከዚያ ቦታ ላይ ክብደቱን አንሡለት፤ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አድርጉ፤ አንሶላው ደረቅና ያልተጨማደደ ይሁን። ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ደግሞ ቶሎ እንዲቀመጥና እንዲቆም አግዙት። «ይረፍ» ተብሎ የሚተው አዛውንት ሳንባው ይታመማል፤ በእግሩም ደም ይረጋል።

ስትሮክ የመታው ሰው ቀና ብሎ ሳይቀመጥ አይጉረስ። በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ይየው። የሽንት ቱቦ ያለው ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ መሬት ግን አይንካ። ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይኑር። «ያስቸግረኛል» ብለው ውኃ እንዳይቀንሱ፣ «እማዬ፣ ለኔ ችግር የለውም፣ ጠጪ» በሏቸው። ሌሊት መብራት ይኑር፤ መንገዱ ላይ ምንጣፍና ጀበና አይቀመጥ።

የስኳር ሕመምተኛ ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ራሱን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ ቶሎ በስኳር የጣፈጠ ነገር ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንደ ሚኤሶ ባለው ቆላ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ፣ በውስጠኛው ውስጥ ከድኖ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትንም «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ለስትሮክ ይዳርጋል።

ጠያቂዎችንም በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። የበሽተኛው ክፍል የበርጫ ቦታ አይሁን። ጫት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሣል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ጭሱና ጫጫታውም የደከመን ሰው ይጎዳል። ጥየቃ አጭር ሲሆን ያምራል።

ትኩሳት፣ ከቁስል የሚወጣ መግል፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መዛባት፣ የሽንት መጥፋት፣ ያልነበረ መደናገር ከታየ ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስለ ኢባዳው

ብዙ አዛውንቶች ከሕመሙ በላይ የሚያስጨንቃቸው ሶላታቸው ነው። እናታችን የወደቁትም ወደ ውዱእ ሲሄዱ ነበር። ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን በተሰጠው ነቢያዊ መመሪያ መሠረት መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ሆኖ ይሰግዳል። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። በረመዳን በሽተኛ ማፍጠርና ሲሽለው መክፈል ተፈቅዶለታል፤ የማይድን ሕመም ያለበት ደግሞ ሚስኪን ያበላል። መድኃኒታቸውን ደብቀው ለሚጾሙ ወላጆቻችን ይህን በለሰለሰ አንደበት ማስረዳት፣ ካስፈለገም የሰፈሩን ሼኽ ቤት ድረስ ጋብዞ ማስነገር ከአስታማሚው ሥራ አንዱ ነው። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ቢያስታምም የተሻለ ነው፤ ካልተገኘ ግን በችግር ጊዜ መፈቀዱን ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ።

አስታማሚዋንስ ማን ያስታምማት?

በመጨረሻም አንዲት የተረሳች ሰው አለች። እርሷም በአብዛኛው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ወንድሞች ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ሌሊት የምትነሣው ግን እርሷ ናት። የምትደክም አስታማሚ ትሳሳታለች፤ ትቆጣለች፤ ኋላም ስለተቆጣች ታለቅሳለች። ስለዚህ ሌሊቱን በተራ ተከፋፈሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ትረፍ። አንድ ደብተር ከአልጋው ራስጌ ይኑር፤ የተገላበጡበት ሰዓት፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ ትኩሳቱ ይጻፍበት። ያን ጊዜ ተረኛው ቢቀያየርም ሥራው አይቋረጥም።

የጭሮዋ እናት መጨረሻ እንዲህ ነው። ታላቁ ልጅ ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስሉን ስትጠርግ በበሩ ቆሞ አየ። ምንም አልተናገረም፤ በማግሥቱ ግን ክፍያውን ራሱ ይዞላት ሄደ። ቁስሉ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶ ገጠመ። እናትየው ዛሬ ነርሷ ለክታላቸው አናጺ በሠራው የእንጨት መደገፊያ እየተራመዱ ከቤት እስከ በረንዳ ይወጣሉ፤ ሶላታቸውንም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። «ሰው ምን ይለናል?» ሲል የነበረው ልጅም ጎረቤቱ አባቱን ከሆስፒታል ይዞ በገባ ቀን በመጀመሪያ የጠየቀው «ጀርባቸውን አይታችሁላቸዋል?» ብሎ ነበር።

አላህ ለወላጆቻችን አፊያውን፣ ለእኛም የማስታመም ትዕግሥቱንና ዕውቀቱን ይስጠን። አሚን።